እኖራለሁ በል

ጥቅምት 9

የጮሌ አባት፣

እንደምን ከረምክ? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤው የዘገየው በእኔ ነው፤ እየጀመርኩ ስቀደው ከረምኩ። ስልኩ የጮሌ ይሁን ያልከው ልክ ነው። ልጃችን አጠገብህ ተለጥፋ እየሰማች ስለ እኔና አንተ ማውራት አይሆንም። የእኛን በደብዳቤ እንጨርሰው።

ክፍልሽ እንዴት ነው ላልከኝ፣ ከአረጋውያኑ መኖሪያ ጀርባ፣ ከልብስ ማጠቢያው በላይ ነው። ማሽኖቹ ሲሠሩ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ሲቆሙ ጸጥ ይላል፤ እሱን ነው የምጠላው። አልጋ፣ ጠረጴዛና አንድ ወንበር አለኝ። ሁለተኛ ወንበር ልግዛ አልግዛ ስል ዓመት አለፈ። ማን ይቀመጥበታል? መስኮቱ የመኪና ማቆሚያውን ያሳያል። ከተማው አንድ ዋና መንገድ ነው። ትምህርት ቤቱ ልጅ አጥቶ ግማሽ ክፍሉን ዘግቷል። ወጣቱ ወደ ትልቁ ከተማ ሄዷል፤ የቀረነው ሽማግሌዎቹና እነሱን የምናጥብ እኛ ነን።

ጉዳዩን ከሥሩ አስረጂኝ ላልከው ደግሞ እንዲህ ነው። ይህ ክፍለ ሀገር ሰው አልቆበታል። ስለዚህ እዚህ መጥቶ ለሠራ፣ አሠሪው ለመሰከረለት ሰው፣ ክፍለ ሀገሩ ራሱ ስፖንሰር ሆኖ ቋሚ መኖሪያ ይጠይቅለታል። ልዋጩ እዚሁ መኖር ነው፤ ከነቤተሰብ። ፈቃዱን ተቀብሎ በማግስቱ ወደ ትልቁ ከተማ የሚሸሸው ስለበዛ ዘንድሮ ጠበቅ አድርገዋል። የመኖሪያው ኃላፊ ፈርማልኛለች። የቀረው አንተ ነህ። በአስተርጓሚ ይደውሉልሃል፤ ከእኛ ጋር እዚህ እንደምትኖር ይጠይቁሃል። አሁን አብረህ ካልገባህ በኋላ መግባት በመርፌ ቀዳዳ ማለፍ ነው። መርፌን ደግሞ ከእኔ በላይ ታውቃለህ።

ሌላም አለ። ሥራ አግኝቼልሃለሁ። የአረጋውያኑ ልብስ አንድ ላይ ስለሚታጠብ ይለዋወጣል። ትናንት መርከበኛው፣ ዕድሜውን ባሕር ላይ የጨረሰ ሽማግሌ ነው፣ የአንዲት አሮጊት ሮዝ ሹራብ ለብሶ ቁርስ ላይ ቀረበ። አውልቅ ብንለው "አማረብኝ፣ አላወልቅም" ብሎ ፍዳችንን አሳየን። በየልብሱ አንገት ላይ የባለቤቱን ስም የሚሰፋ ሰው ይፈልጋሉ። ኃላፊዋ "ባልሽ ልብስ ሰፊ አይደል?" አለችኝ። እጇን ልስማት ምንም አልቀረኝ። ተቀምጠህ፣ ቤት ውስጥ፣ በሙቀት የሚሠራ ሥራ ነው። ምን ትላለህ?

ጮሌን ሳምልኝ።


ኅዳር 3

እመቤቲቱ፣

እንዴት ሰንብተሻል? በስልክ ሳልህ ለቀቀህ ወይ ላልሽኝ ለቆኛል። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ "ሳሉ የሄደው ሰውየው ስለሰለቸው ነው" ይላል።

ጮሌ ደህና ናት። ቁመቷን ለጠየቅሽው፣ የደንብ ልብሷን ጠርዝ ዘንድሮ ሁለቴ ፈታሁት። ከእንግዲህ የሚፈታ ጨርቅ የለም፤ አዲስ መቁረጤ ነው። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው ብል የሚያምነኝ የለም። መምህሯ "ወሬ ታበዛለች" ብላ ላከችብኝ። "በማን ወጥተሽ ነው?" ብላት "እኔ ምን አውቄ፣ አንተ ታውቃለህ" አለችኝ።

ሱቁ እንዴት ነው ላልሽው፣ አይከፋም። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰውዬ ልኬቱን በስልክ ልኮ ሱፍ ስፋልኝ አለኝ። አልሰፋም አልኩት። የደረቱን ስፋት ቁጥሩ ይነግረኛል፤ አንዱን ትከሻ ጥሎ እንደሚሄድ ማን ይነግረኛል? ሲራመድ ላላየሁት ሰው ጨርቅ ቆርጬ አላውቅም። ፀጉር አስተካካዩ ሰምቶ "አንተ ሰውዬ፣ ደንበኛ እያባረርክ በረሃብ ልትሞት ነው። እኔ ጭንቅላቱን በስልክ ቢልክልኝ እላጨው ነበር" አለ።

ባለፈው በስልክ ድምፅሽ ደክሞብኛል። ጮሌም "እማዬ ተኝታ ነው እንዴ የምታወራው?" ብላለች። ምን ሆነሽ ነው?

ስለ ሥራው የጻፍሽውን አይቼዋለሁ።


ታኅሣሥ 12

ሰላምታውን በኋላ ትወስዳለህ።

ዛሬ ኃላፊዋ ቢሮዋ ጠራችኝ። ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ደርሷታል። "የአመልካቿ ባለቤት በክፍለ ሀገሩ ለመኖር ያለው ሐሳብ እርግጠኛ ሆኖ አልተገኘም" ይላል። ከሥሩ ያልከው ተጽፏል። ቢጠይቁህ፣ መልሰው ቢጠይቁህ መልስህ አንድ ነው። እግዜር ካለ።

ኃላፊዋ መነጽሯን አውልቃ "ባልሽ ቄስ ነው እንዴ?" አለችኝ። እኛ ዘንድ እንዲህ ማለት አዎ ማለት ነው ብዬ አስረዳኋት። "ታዲያ አዎ ለምን አይልም?" አለች። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ የምግብ ጋሪውን እየገፋሁ እኔም ራሴን ያንኑ ጠየቅኩ። ለምን አይልም?

አንድ ዕድል ሰጥተውናል። ጥር ካለፈ በኋላ መልሰው ይደውላሉ። ስማኝ። ጥያቄው አንድ ነው፤ መልሱም አንዲት ቃል ናት። እኖራለሁ በል። እግዜርን አትጨምርበት፤ እሱ አይቀየምህም፣ እነሱ ግን አይገባቸውም።

ድምፅሽ ለምን ደከመ ላልከኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ሰላምታው ይኸው፦ እንደምን አለህ?


ጥር 1

እመቤቲቱ፣

እንደምን ከረምሽ? ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ ይመስለኛል፤ ግን መጀመሪያ የሆነውን ስሚ።

ስልኩ ሲጮህ አፌ ውስጥ ስፒል ይዣለሁ። ደንበኛው አንድ እጅጌ ለብሶ ሌላውን እየጠበቀ ቆሟል። የውጭ ስልክ ነው ሲባል ሰምቶ ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ይዞ የሱቄ በር ላይ ተገተረ፤ የእሱም ደንበኛ ግማሽ ፊቱ ሳሙና እንደሆነ ተከትሎት መጣ። አስተርጓሚዋ በድምፅዋ ልጅ ናት። ስሜን፣ ዕድሜዬን፣ የተጋባንበትን ዘመን ሁሉ አሳምሬ መለስኩ። "ከባለቤትዎ ጋር እዚያ ከተማ ይኖራሉ?" አለችኝ። "እግዜር ካለ" አልኩ። "አዎ ነው ወይስ አይደለም?" አለች። "እሱ ካለ ነው እንጂ የኔ እህት፣ እኔ ማን ነኝ?" አልኩ። ባለ አንድ እጅጌው "እውነትህን ነው" አለ። ባለ ሳሙናውም "አሜን" አለ። በዚህ ሁሉ ምስክር ፊት ምን እንድል ፈለግሽ? እኔ እኮ ነገ ሱቅ እከፍታለሁ ስል እንኳ እሱ ካለ ሳልል ቀርቼ አላውቅም። አባቴም እንዲሁ ነበሩ።

ደግሞም ያላየሁት ከተማ ነው። ሲራመድ ላላየሁት ሰው ኮት አልቆርጥም፤ ያላየሁትን ከተማ እኖርበታለሁ ብዬ እንዴት ልማል?

ለኃላፊሽ ንገሪያት፦ ቄስ አይደለሁም፤ ቄስ ግን አለብሳለሁ።


ጥር 22

የጮሌ አባት፣

አሁን ደግሞ ማን ሃይማኖተኛ አደረገህ? እሑድ እሑድ ብርድ ልብሱን ገፍፌ የምቀሰቅስህ እኔ አልነበርኩም? የማትፈልገውን ነገር ሁሉ ነው ለእግዜር የምትሰጠው። ከእህትህ ጋር መታረቅ፣ እግዜር ሲል። የጣሪያው ቆርቆሮ፣ እግዜር ሲል። ለመሆኑ ያፈሳል አሁንም?

ያላየሁት ትላለህ። እኔን ያገባኸኝ ሁለት ቀን አይተህ ነው፤ በሁለቱም ቀን ተቀምጬ ነበር።

ከተማውን አላየሁትም ካልክ ላሳይህ። ከመኖሪያው በር ስትወጣ በቀኝ መድኃኒት ቤት አለ፤ ቀጥሎ የተዘጋ ሲኒማ፣ ቀጥሎ ዳቦ ቤት። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ "እንደ ሁልጊዜው?" ትለኛለች፤ አዎ እላታለሁ። ከሥራ ውጭ ከሰው ጋር የምነጋገረው ይኸው ነው። መስቀለኛው ላይ መብራቱ ቀይ ከሆነ መኪና በሌለበትም ሰው ይቆማል፤ እኔም ብቻዬን እቆማለሁ። እሑድ እስከ ወንዙ ሄጄ እመለሳለሁ። ቀጭኗን ታስታውሳታለህ፣ ከእኔ ጋር የተቀጠረችውን። ፈቃዷ እንደወጣ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ወደ ትልቁ ከተማ ሄደች። እሷም እኖራለሁ ብላ ፈርማ ነበር። ኃላፊዋ ለአንድ ሳምንት ያህል እኔንም ስታየኝ በጥርጣሬ ነበር። እኔ አልሄድም። የማይቀመጡበትን እቀመጣለሁ ማለት አልችልበትም።

አንድ ነገር ደብቄሃለሁ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሆዴን ቀደውኛል። ትርፍ አንጀት ነበር፤ አልቋል፤ ደህና ነኝ። ተኝታ ነው እንዴ የምታወራው ያለችው ልጅ አልተሳሳተችም። ሐኪም ቤት ሲያስገቡኝ ነርሷ "የቅርብ ሰውሽ ማን ነው? አንድ ነገር ቢፈጠር ለማን እንደውል?" አለችኝ። ያንተን ቁጥር ልሰጣት አፌን ከፈትኩ። ደውለው ምን ሊሉህ ነው? አንተስ ምን ልታደርግ? የኃላፊዋን ስም ሰጠኋት። የሥራ ፈረቃዬን የምታወጣዋን ሴት።

የምጨቀጭቅህ ለዚህ ነው። ፈቃድ ፈቃድ የምለው ለወረቀቱ ብዬ አይደለም።


የካቲት 8

እመቤቲቱ፣

ደብዳቤሽን ሱቅ ውስጥ አንብቤ ሱቁን ዘጋሁት። ቁስሉ በደንብ ደርቋል? ከባድ እንዳታነሺ። ሽማግሌዎቹንስ የምታነሺው አንቺ ነሽ? ለጮሌ አልነገርኳትም። ያን ቀን ስሜ ሳይጠራ መቅረቱ ሲከነክነኝ ዋለ። ብትጠሪኝም አልደርስልሽም ነበር፤ እሱ ደግሞ ይብስ ከነከነኝ።

ጣሪያው ያፈሳል።

ስም የመስፋቱን ሥራ ችላ ያልኩት መስሎሽ ይሆናል፤ ችላ አላልኩም፣ ሞክሬዋለሁ። ባለፈው እሑድ ሱቁን ከውስጥ ቆልፌ የጮሌን ልብስ ሁሉ አወጣሁና በየአንገቱ ስሟን ሰፋሁ። ቀሚሱን፣ ሹራቡን፣ የደንብ ልብሱን። ቀላል ነው። ስጨርስ ወገቤ አላመመኝም፣ ዓይኔ አልደከመም። ያስፈራኝ እሱ ነው። ሰው ኮቱን ሲረከብ ለብሶት መስታወት ፊት ይዞራል። ያስላል፣ ደረቱን ይነፋል፣ ጀርባውን ለማየት አንገቱን ይጠመዝዛል። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ስሠራ የኖርኩት ለዚያች መዞር ነው። እዚያ ማን ይዞርልኛል? መርከበኛው?

ፀጉር አስተካካዩን አማከርኩት። "ሂድ እንጂ አንተ ሞኝ፣ ይሄ ደግሞ ምክር ይጠየቅበታል?" አለኝ። "አንተ ብትሆን ትሄዳለህ?" ብለው "እኔን ማን ጠይቆኝ?" አለ። በሩ ላይ ደርሶ "ደግሞ አንተ ከሄድክ ከማን ጋር ልጣላ ነው?" ብሎ ወጣ።

ይደውሉ። አሁን በሩን ዘግቼ፣ ብቻዬን ሆኜ ነው የማናግራቸው።


መጋቢት 5

እመቤቲቱ፣

ደውለዋል። መሥሪያ ቤቱ ሳይጽፍልሽ ከእኔ እንድትሰሚው ብዬ ደብዳቤውን በፈጣኑ ፖስታ ልኬዋለሁ። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር፤ "ሄሎ" ስትዪ ስልኩን ለጮሌ ሰጠኋት።

አስተርጓሚዋ ያችው ልጅ ናት። "ከባለቤትዎ ጋር እዚያ ከተማ ይኖራሉ?" አለችኝ። ቃሏ አፌ ውስጥ ነበረች። እንዳልሽው ቀላል ናት። "አልኖርም" አልኩ። በትክክል የሰማች አልመሰላትም መሰለኝ፣ መልሳ ጠየቀችኝ። "አልኖርም" አልኳት። "ልጅዎስ?" አለች። "እሷ ትኖራለች። እናቷ ያለችው እዚያ ነው። ለመሄዷ እፈርማለሁ" አልኩ። "የመጨረሻ ቃልዎ ነው?" "አዎ።" አዎ ማለትም እንደምችል አየሽ።

እኖራለሁ ብዬ ብመጣ ምን እንደምሆን አውቀዋለሁ። ያልተለካለትን ኮት የለበሰ ሰው አይተሻል? እንዴት ነው ሲሉት ጥሩ ነው ይላል። ቀኑን ሙሉ ግን ክንዱን ያነሳል፣ አንገቱን ይጎትታል፤ ቤቱ ሲገባ በሚስቱ ላይ ይጮሃል። ወር ሁለት ወር ችዬው አንድ ቀን እንደ ቀጭኗ ሻንጣዬን አነሳ ነበር። እሷ ወደ ትልቁ ከተማ ሸሸች፤ እኔ የምሸሸው ወደዚህች ሱቅ ነው። ያኔ የሚበላሸው የኔ ቃል አይደለም፣ ያንቺ ነው።

ለጮሌ ነግሬያታለሁ። "አንተስ?" አለችኝ። "እኔ ሱቅ አለኝ" አልኳት። ዞር ብላ ሱቁን አየችው። ማሽኗን፣ የጨርቅ ቁርጥራጩን፣ የተሰነጠቀውን መስታወት። "ይቺን?" አለች።

ስደቢኝ። ግን ጻፊልኝ።


ሰኔ 14

የጮሌ አባት፣

የዘገየሁት ልጎዳህ ብዬ አይደለም። ትንሽ ግን ብዬ ነው።

ቋሚ መኖሪያው ወጣ። ለሁለት ሰው። ኃላፊዋ ኮሪደሩ ላይ ጮክ ብላ ተናገረችው፤ ሁሉም አጨበጨቡ። መርከበኛው ነገሩ ሳይገባው ከሁሉም አብልጦ አጨበጨበ። አመሰገንኩና የጀመርኩትን አንሶላ ቀይሬ ጨረስኩ። ከሥራ ስወጣ ወረቀቱን በእጄ እንደያዝኩ ዋናው መንገድ ላይ ወጣሁ። ለማን ላሳየው? ዳቦ ቤት ገባሁ። "እንደ ሁልጊዜው?" አለችኝ ሴትዮዋ። "ዛሬስ ኬክ ስጪኝ" አልኳት። "እንግዳ አለብሽ እንዴ?" አለች። "ይመጣል" አልኩ። እሷም ደስ አላት። ኬኩን ክፍሌ ወስጄ ግማሹን በላሁ፤ ግማሹን በማግስቱ ለሥራ ባልደረቦቼ ወሰድኩ።

ስደቢኝ ላልከኝ፣ እስካሁን በልቤ ስጣላህ ከረምኩ። መልስ ስለማትሰጥ ሁልጊዜ እረታለሁ። ከረታሁ በኋላ ግን ምን እንደማደርግ አላውቅም። ኃላፊዋ "ባልሽ ቁርጡን ባይናገር ሁላችሁም ትቀሩ ነበር" አለችኝ። ልታጽናናኝ ይሁን ወይስ እውነት ይሁን እንጃ። ቁርጡን መናገርህን አልጠላሁትም። ያልከውን ነው የጠላሁት።

ጮሌ እንድትመጣ የምትስማማበትን ወረቀት ፈርመህ ማኅተም አስመትተህ ላከው። ካፖርት ስፋላት፤ የዚህ አገር ንፋስ በሹራብ አይቻልም። አየር ማረፊያው ከዚህ ሩቅ ነው፤ በአውቶቡስ ቀድሜ ሄጄ እጠብቃታለሁ። ፀጉሬን አሳጥሬዋለሁ፤ ንገራት። አሮጌውን ፎቶ እያየች እንዳትፈልገኝ።

ሌላ የምለው የለኝም። ጤናህን ጠብቅ።


ነሐሴ 20

እመቤቲቱ፣

እንደምን አላችሁ? አሁን ሁለት ስለሆናችሁ እንዲህ ነው የምጽፈው።

ካፖርቱ ትከሻው ላይ የሰፋው አውቄ ነው፤ ትደርስበታለች።

ስትለያዩ አለቀሰች ወይ ላልሽኝ፣ አላለቀሰችም። የአየር መንገዱ ሠራተኛ እጇን ይዛ ወሰደቻት። እየሄደች የሆነ ነገር ታወራላት ነበር፤ ሴትየዋ ስትስቅ ሰማሁ። ከበሩ ወዲያ አይታይም። ጥበቃው "አባት፣ እዚህ መቆም አይቻልም" እስኪለኝ ቆሜ ተመለስኩ።

እኔ ደህና ነኝ። ፀጉር አስተካካዩ ማታ ማታ ሳይጠራ ይመጣል። ወሬ ሲያልቅበት ፀጉሬን ይቆርጠኛል፤ በዚህ አያያዙ መላጣ ሊያደርገኝ ነው። ደንበኞች "ቤተሰብ እንዴት ነው?" ይሉኛል፤ ደህና ናቸው እላለሁ። "አንተስ መቼ ነው የምትሄደው?" የሚልም አልጠፋም። እሱን ቀጥ ብለህ ቁም እለውና የሱሪውን ርዝመት መለካት እጀምራለሁ። ማታ ቤቴ ስደርስ ሳላንኳኳ አልገባም። እንዴት እንደለመደብኝ አላውቅም።

በስልክ ልጠይቅሽ ፈልጌ ያልጠየቅኩሽ ነገር አለ። አራት ዓመት ሙሉ በአካል አልተያያችሁም፤ ትታት የሄድሽው ሕፃን ነበረች። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ማን ማንን ቀድሞ አወቀ? ጮሌን ጠየቅኳት፤ "እንጃ አባዬ፣ ሰው ብዙ ነበር" አለችኝና ስለ አውቶቡሱ ወንበር ማውራት ጀመረች። አንቺ አትረሺውም። የት ቆመሽ ነበር? ስታይሽ ሮጠች ወይስ አፍራ ቆመች? ረጅም አድርገሽ ጻፊልኝ።